የማክሰኞው እሳት

ማክሰኞ ከቀኑ በስምንት ሰዓት እሳት ይነሳል። እሳቱ የሚነሳው በሁለተኛው ፎቅ ከማድረቂያዎቹ ጀርባ ሲሆን፣ መንስኤውም የተጠራቀመ የፎጣ ብናኝ ይሆናል። ሠራተኞች በሙሉ በግራ በኩል ባለው ደረጃ ወርደው ግቢው ውስጥ ይሰለፋሉ። የሚጎዳ ሰው አይኖርም። እሳቱ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይጠፋና ሁሉም ወደየሥራው ይመለሳል። ይህ ማስታወቂያ የክፍል ኃላፊው የቴራኒሺ ማኅተም ታትሞበት በልብስ መቀየሪያው ክፍል በር፣ በዕቃ ማውጫው አሳንሰር ውስጥና በሴቶቹ መጸዳጃ ቤት መስታወት ሥር ተለጥፏል። ከግርጌው በቀይ ቀለም መግፋት፣ መሮጥ፣ ማውራትና ወደ ኋላ መመለስ ክልክል መሆኑ ተጽፏል። እሳቱ እንግዳ ፊት እንዳያሳፍር ተብሎ ሰኞ ዕለት ልምምዱን ተለማምደውታል።

ቶሞኤ ኩሳካ ማክሰኞ ጠዋት ስትነሳ ያሰበችው ስለ እሳቱ አልነበረም። ስለ ግድግዳው ነበር። የወንድሟ ሚስት ሪትሱኮ ትናንት ማታ ወደ ክፍሏ ገብታ፣ «ይቅርታ፣ አንድ አፍታ» ብላ፣ ወለሉ ላይ የተነጠፈውን ፍራሽ በእግሯ ገፋ አድርጋ ግድግዳውን በሜትር ለክታው ነበር። ከዚያ ስፋቱን ለራሷ ተናግራ ወጣች። ምን እንደሚቀመጥ አልተናገረችም፤ የሚለካ ግድግዳ ግን ቁም ሳጥን እንደሚመጣበት ለመገመት ትምህርት አያስፈልግም። ቤቱ የአማጋሳኪ ከተማ የኪራይ ቤት ነው፤ የተከራየችው የቶሞኤ እናት ነበረች። እናትየው ስትሞት ወንድሟ ማሳኪና ሚስቱ «ቶሞኤን ማን ይጠብቃታል» ብለው ገቡ፤ ሰፊውን ክፍል ያዙ፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ባለው አይብና እርጎ ላይ ሁሉ ስማቸውን ጻፉ። ቶሞኤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ማንበብ የምትችለው ቀላል ቀላሉን ነው፤ የሪትሱኮን ስም ግን ከሩቅ ታውቀዋለች።

ቁርስ ላይ ማሳኪ ሩዙን እየበላ ስልኩን ያያል። ሪትሱኮ ትናንት ማታ ሱቁ ሲዘጋ በግማሽ ዋጋ የገዛችውን ዓሣ ለሦስት ከፍላ ጅራቱን ወደ ቶሞኤ ሳህን አሳለፈች። ጠረጴዛው ላይ፣ ከአኩሪ አተር ስጎው ጠርሙስ አጠገብ፣ ያ የሚያብለጨልጭ ወረቀት እንደ ተቀመጠ ነው። ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚቀመጡበት ተቋም ማስታወቂያ ነው፤ በተራራ ላይ ያለ ትልቅ ቤት፣ ፊት ለፊቱ የተሰለፉ ነጫጭ ጫማዎች፣ ከላይ «ንጹሕ አየር» የሚል ጽሑፍ። ከባቡር በኋላ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ በኋላ ደግሞ የተቋሙ መኪና ነው የሚያደርሰው። ሪትሱኮ ስለ ወረቀቱ አንድ ቀን አውርታ አታውቅም። ጠረጴዛውን ስትወለውል ብቻ አንስታ፣ ከሥሩ ጠርጋ፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ቶሞኤ የምትፈልገው ሌላ ቤት ነው። በዴያሺኪ ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ እንደ እሷ ያሉ አራት ሴቶች በጋራ የሚኖሩበት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ባዶ ነው። አንድ ጊዜ ሄዳ አይታዋለች። መስኮቱ በባቡሩ ሐዲድ ላይ ይከፈታል፤ ባቡር ባለፈ ቁጥር የመስታወቱ ፍሬም ይንቀጠቀጣል፤ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። ቁልፉን ሦስቴ ዘግታ ሦስቴ ከፍታዋለች። ነገር ግን ቤቱ የሚቀበለው የአንድ ዓመት የሥራ ውል ያለውን ሰው ብቻ ነው። የቶሞኤ ውል የስድስት ወር ነው፤ እሱም ዛሬ ያልቃል። ዛሬ ከእሳቱ በኋላ ቴራኒሺ ይወስናል፤ ወይ ውሉ የዓመት ይሆንላታል፣ ወይ ያ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ከጠረጴዛው ይነሳል።

«ዛሬ እኔም እመጣለሁ» አለች ሪትሱኮ። «አለቃሽ ጠርቶኛል። መጀመሪያ ትርኢቱን እዩ፣ ከዚያ ስለ ውሉ እናወራለን ብሏል።»

«ትርኢት አይደለም እትዬ። እሳት ነው።»

«እሺ፣ እሳት ይሁንልሽ። ብቻ አደራሽን፣ ዛሬ እንኳ ያሉሽን አድርጊ። ያላሉሽን አታድርጊ። ሰው ፊት አታሳፍሪኝ።»

«ጋሼ፣ አንተስ ትመጣለህ?»

ማሳኪ መልሱ የተቀመጠበት ይመስል ሾርባውን አየ። አነሳው፣ ጠጣው፣ ጎድጓዳ ሳህኑን አስቀመጠ። «ሥራ አለኝ» አለ። ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን አስነሳና፣ ሦስቱም ጣሪያውን እየሰሙ ዓሣቸውን ጨረሱ።

ቶሞኤ የምትሠራበት የልብስ ማጠቢያ የሰባት ሆቴል ፎጣና አንሶላ ያጥባል። የእሷ ቦታ ሁለተኛው ፎቅ፣ ማጠፊያው ጠረጴዛ ጫፍ፣ መስኮቱ አጠገብ ነው። ከፊቷ በብረት ክንድ ላይ የተተከለ ታብሌት አለ። ታብሌቱ የአንድ ፎጣ ሥዕል ያሳያል፤ ምን እንደምታደርግ ይናገራል፤ ስትጨርስ አረንጓዴውን ትነካለች፤ አንዲት ድመት ብቅ ብላ ታጨበጭብላታለች። አረንጓዴው ሳይነካ ከቆየ በዋናው መሥሪያ ቤት ወደ ቀይ ይለወጣል። እውነቱን ለመናገር፣ ታብሌቱ ይጠቅማታል። የሰማያዊው መስመር ሆቴል ፎጣ ለሦስት ይታጠፋል፣ የወርቃማው ለአራት፤ ሰው መሃል ላይ ካናገራት የጀመረችው ይጠፋባታል፤ ያኔ ሥዕሉን አይታ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ይጠቅማታል፤ ትጠላዋለች። ድመቷን ደግሞ ከሁሉ አብልጣ ትጠላታለች። አንድ ቀን ቁምሳጥን ውስጥ ተዘግቶባት ስትጮህ ብትሰማት ደስታዋ ነው።

በታብሌቱ ውስጥ የሚናገረው ድምፅ የኦካዴ ነው። ኦካዴ ከቶሞኤ አጠገብ የምታጥፍ፣ በዚያ ፎቅ ሃያ ዓመት የቆየች ሴት ናት። ዋናው መሥሪያ ቤት «የእናት ለዛ ያለው ድምፅ» ሲፈልግ እሷን መረጠ። ጸጥ ባለ ክፍል አስቀምጠው ድምጿን ቀዱ፤ ለድካሟ አንድ ሣጥን ሐብሐብ ሰጧት። ታብሌቱ ውስጥ ያለችው ኦካዴ፣ «ቶሞ ቻን፣ አሁን ሁለተኛውን ጫፍ ያዢ። ጎበዝ! እንዴት ያምራል!» ትላለች። ከጎኗ የቆመችው ኦካዴ ደግሞ፣ «ክርንሽን ሰብስቢ፣ መንገድ ዘጋሽብኝ» ትላለች። በፎቁ ላይ ሁሉም በቤተሰብ ስሙ ላይ የአክብሮቱ «ሳን» ታክሎ ነው የሚጠራው፤ ቶሞኤን ብቻ እንደ ሕፃን ልጅ «ቶሞ ቻን» ይሏታል፤ በዚህ ሁለቱም ኦካዴዎች ይስማማሉ።

ጠዋት ከሥራ በፊት ሁሉም ተሰልፈው ሲቆሙ ቴራኒሺ ስለ እንግዶቹ ተናገረ። የእሳት አደጋ መኮንን ይመጣል፤ ከዋናው መሥሪያ ቤትም ታብሌቱን ለጋዜጣ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ይመጣል። ጥያቄ ያለው ሲል እንደ ወትሮው ማንም ጥያቄ አልነበረውም። ቶሞኤ እጇን አወጣች።

«አለቃ፣ እሳቱ ታብሌቱ ውስጥ ገብቷል?»

«ምንድን ነው ያለችው?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«እሳቱ ታብሌቱ ውስጥ ከገባማ ተገላገልና!» አለች ኦካዴ፤ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

የሚያስቅ ጥያቄ አልነበረም። በሚያዝያው ልምምድ ደወሉ ሲደወል ቶሞኤ ከሌሎቹ ጋር ወርዳ ነበር። ሌሎቹ ሲመለሱ ተመሰገኑ፤ የእሷ ታብሌት ግን ያልተነካ አረንጓዴውን ሲጠብቅ ቀይ ሆኖ ቆየ፤ ዋናው መሥሪያ ቤትም «ሠራተኛዋ ያለፈቃድ ሥራ አቋርጣለች» ብሎ ደወለ። ቴራኒሺ ቢሮው ጠርቷት፣ «ደወሉ የሌሎቹ ነው። ያንቺ ታብሌቱ ነው። ታብሌቱ ተነሺ ሳይልሽ የምትነሺ ከሆነ ታብሌቱን ለምን ገዛነው?» ብሎ ዓመት የነበረውን ውል ወደ ስድስት ወር ቆረጠው። ይደገማል ወይ ብሎም አስማላት። አይደገምም አለች።

«ገብቷል፣ ገብቷል» አለ ቴራኒሺ አሁን ሰዓቱን እያየ። «ሚናሚዴ አስገብቶታል።» ሚናሚዴ የታብሌቱን ትእዛዞች ከዋናው መሥሪያ ቤት ሆኖ የሚሞላው ሰው ነው፤ በዚህ ፎቅ ድምፁን የሰማ እንጂ መልኩን ያየ የለም። «አንቺ እንደወትሮሽ ታብሌቱን ተከተይ። እሱ ሳይልሽ ንቅንቅ እንዳትይ! ሰምተሻል? ንቅንቅ!»

«ሰምቻለሁ፣ አለቃ።»

እስከ ምሳ ድረስ ታብሌቱ ስለ ፎጣ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አላወራም። በምሳ ክፍሉ ቶሞኤ ጥግ ላይ ተቀምጣ ከቤት ያመጣችውን የሩዝ ኳስ ፈታች። ሌሎቹ በሦስት መቶ ሰማንያ የን የሚመጣውን የምሳ ሣጥን ከፍተው እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ረገሙት፤ ከዚያ በሉት። ጎመን አንዱ ራስ አራት መቶ የን ገብቷል። ባለፈው ሳምንት ሦስት መቶ ነበር። ከጎመን ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ቶሞኤ ተሻገሩ። ቶሞኤ ያለችበት ክፍል ውስጥ ስለ ቶሞኤ ማውራት ድምፅ መቀነስ አያስፈልገውም።

«ለሷ ብሎ መንግሥት ለመሥሪያ ቤቱ ይደጉማል» አለች ኦካዴ። «ለኔ ወገብ ማን ይደጉማል? ጠረጴዛውን ያሳጠሩት ለሷ ቁመት ነው። እኔ እጎብጣለሁ፣ ድመት ለሷ ታጨበጭባለች።»

«ያቺ ድመት ላንቺ ብታጨበጭብ ታንቂያታለሽ» አለች ሌላዋ።

«አንቄ ለምሳ ሣጥን ሰዎቹ እሸጣታለሁ። ከዚህ ሥጋ ሳትሻል አትቀርም።»

ቶሞኤ በድመቷ መታነቅ ከኦካዴ ጋር በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማች፤ ግን አልተናገረችም። የሩዙን ኳስ ጨርሳ፣ ወረቀቱን አጣጥፋ፣ ተነስታ ኦካዴ ጎን ቆመች።

«ኦካዴ ሳን፣ ታብሌቱ ላይ እሳት የለም። አይቼዋለሁ። ፎጣ ብቻ ነው ያለው።»

«ከቀትር በኋላ ይመጣላ። እሳት በምሳ ሰዓት ይነሳል?» ኦካዴ ጥብሱን እንደ ጎረሰች ቀና አለች። «አንቺ ሴትዮ፣ እባክሽ ዛሬ ጭንቅላቴን አታዙሪው። አለቃ ገብቷል ካለ ገብቷል ነው። ሂጂ ተቀመጪ።»

በስምንት ሰዓት ደወሉ ጮኸ። ከማድረቂያዎቹ ጀርባ የተቀመጠች ትንሽ ማሽን ነጭ ጭስ መትፋት ጀመረች፤ ለጤና የማይጎዳ፣ የተቃጠለ ስኳር የሚሸት ጭስ ነው። አጣፊዎቹ ፎጣዎቻቸውን ጥለው መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ሳይገፉ፣ ሳይሮጡ፣ ሳያወሩ በአንድ ረድፍ ወደ ደረጃው ሄዱ። ቶሞኤ ፎጣ ይዛ ታብሌቱን አየች። ወርቃማ መስመር ያለው ፎጣ ነበር። «ቶሞ ቻን» አለ ታብሌቱ፣ «ለስላሳውን ገጽ ወደ ላይ አድርጊው።»

የረድፉ መጨረሻ ኦካዴ ነበረች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። ቶሞኤም አየቻት። በመካከላቸው ጭሱ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ታብሌቱ በኦካዴ ድምፅ፣ «አሁን ሁለተኛውን ጫፍ ያዢ» አለ። ኦካዴ መሐረቡን ከአፏ አንድ ጣት ያህል አነሳችው። ለመናገር ነበር። ከዚያ ከታች ቴራኒሺ፣ «ቶሎ በሉ፣ ሰዓት እየያዙ ነው!» ሲል ተሰማ። ማውራት ክልክል ነው፤ መመለስም ክልክል ነው። ኦካዴ መሐረቡን መልሳ አፏ ላይ አድርጋ ወረደች።

ቶሞኤ ሁለተኛውን ጫፍ ያዘች። ሞኝ አይደለችም፤ እሳቱ እሳት እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ልቧ ግን ማስታወቂያ ስለማያነብ ይደልቃል። ብትወርድ ታብሌቱ ቀይ ይሆናል፤ ቀይ ከሆነ ዴያሺኪ የለም፤ ከውስጥ የሚቆለፍ በር የለም፤ ተራራ ነው ያለው። ባትወርድ ደግሞ ንቅንቅ አትበይ ያሉትን ፈጸመች ማለት ነው። አረንጓዴውን ነካች። ድመቷ አጨበጨበች። ጠይቄያለሁ፣ አለች ቶሞኤ ለድመቷ፤ ጠዋትም ጠይቄያለሁ፣ ምሳ ላይም ጠይቄያለሁ። ጉሮሮዋን ሲከረክራት አንድ ሌላ ፎጣ አፏ ላይ አሰረችና የሚቀጥለውን አነሳች። ከፍርሃቱ ሥር ሌላ ነገር ይሞቃት ጀመር። ደስ የሚል ቁጣ ነበር። ይቁሙ እታች፣ አለች። ቆመው ይጠብቁ።

ጭሱ ሲበዛባት የመስኮቱን መክፈቻ በክርኗ ገፋችው፤ እጇ ከፎጣው አልተነሳም። መስኮቱ ሰፊ ሆኖ ተከፈተ። ግቢው ውስጥ ሁሉም በየክፍሉ ተሰልፎ፣ ፊቱን ወደ እሳት አደጋው መኮንን፣ ጀርባውን ወደ ሕንፃው ሰጥቶ ቆሟል። እትዬ ሪትሱኮ የእንግዳ ነጭ ቆብ ተሰጥቷት፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከቴራኒሺ ጎን ቆማለች። ዓይኗ በአጣፊዎቹ ሰልፍ ላይ ከፊት እስከ ኋላ አንድ ጊዜ ሄደ። አልተመለሰም። ቆቧን አስተካከለች።

መኮንኑ በድምፅ ማጉያ ተናገረ። አወራረዱ ሥርዓት ያለው፣ ሰዓቱም አጥጋቢ ነው አለ። ከዚያ ማጉያውን ለቴራኒሺ ሰጠው። ቴራኒሺ እጅ ነስቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በዚህ መሥሪያ ቤት ወደ ኋላ የሚቀር ሰው የለም!» አለ። «በተለይ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ባልደረባችን፣ እንዳያችሁት፣ ዛሬ በታብሌቱ እየተመሩ ከሁላችንም ቀድመው ወርደዋል። ይህ የዘመናዊ መሣሪያ ውጤት ነው። የቤተሰብም ድጋፍ አለበት።» ወደ ሪትሱኮ እጁን ዘረጋ።

ሪትሱኮ ወገቧ እስኪታጠፍ እጅ ነሳች። «እኛ ምን አደረግን» አለች፤ ማጉያው ድምጿን ሳበው። «ቤተሰቧ እናንተ ናችሁ። ለኛ እንደ ዓይናችን ብሌን ናት፤ አንድ ደቂቃ ከዓይናችን ብትርቅ እንቅልፍ የለንም።» ተጨበጨበ። ኦካዴም አጨበጨበች፤ ጫማዋን እያየች።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ሰው ካሜራውን ከፍ አድርጎ፣ ይቅርታ፣ ፎቶው ሕይወት እንዲኖረው ሰልፉ አንድ ጊዜ ቁጥሩን ቢጠራ ብሎ ጠየቀ። በጣም ጥሩ አለ መኮንኑ፤ እንዲያውም ደንቡ ነው። ከትምህርት ቤት ጀምሮ እንደሚደረገው እያንዳንዱ በተራው የራሱን ቁጥር ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ቀጣዩም ይቀበለዋል። አጣፊዎቹ ለዚህ አልተቸገሩም፤ ትናንት ሰኞ ሁለት ጊዜ ተለማምደውታል። ሰኞ የቶሞኤ የዕረፍት ቀን ነው።

«አንድ!» አለች የመጀመሪያዋ፤ «ሁለት!» አለች ከሷ ቀጥላ ያለችው፤ ድምፁ በግቢው ግድግዳ ላይ እየነጠረ ከሰው ወደ ሰው ሄደ። ቶሞኤ መስኮቱ ላይ፣ ፎጣ በእጇ፣ ሰማችው። ስድስት። ሰባት። የመጨረሻዋ ኦካዴ ናት፤ ዛሬ ድምጿ እንደ ታብሌቱ ቀጭን ሆነ።

«ስምንት።»

«አጣፊዎች፣ ስምንት!» አለ ቴራኒሺ ለመኮንኑ ቀጥ ብሎ። «ሁሉም አለ! የጎደለ የለም!»

መኮንኑ እጁን ወደ ቆቡ ጫፍ አነሳ። ሪትሱኮ ልታጨበጭብ ቦርሳዋን ወደ ክንዷ አሻገረች። ፎቅ ላይ፣ ከነጩ ጭስ ውስጥ፣ ቶሞኤ አፏ ላይ ያሰረችውን ፎጣ ወደ አገጯ ዝቅ አደረገችው። በማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ከኦካዴ ቀጥሎ የምትቆመው እሷ ናት። ተራዋ ነበር።

«ዘጠኝ!»